መንዝ ላይ ከመሠረት ጉድጓድ የወጣው የጣሊያን ጠመንጃ የቅድመ አያቴ ነውን?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በአሜሪካ የሚኖሩ፣ እናታቸው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ የተወለዱ ሰው ናቸው። ወንድማቸው በእናታቸው አባት ይዞታ ላይ የአዲስ ቤት መሠረት ሲያስቆፍር፣ ወገብ ያህል ጥልቀት ላይ በቆዳ የተጠቀለለ የዛገ ጠመንጃ፣ ወደ ሃያ የሚጠጉ ባዶ ቀለሆችና ሁለት ያልተተኮሱ ጥይቶች አገኘ። በላኩት ፎቶግራፍ ላይ በላቲን ፊደል «ቶሪኖ» የሚል ጽሕፈትና 1884 የሚል ቁጥር በብረቱ ላይ ይነበባል፤ ከምላጩ ፊት ለፊት ወደ ታች የወጣ የብረት ሣጥንም ይታያል። ከቀለሆቹ ከፊሉ አውራ ጣት ያህል ወፍራም፣ ከፊሉ ቀጭን ነው፤ ከቀጭኖቹ በአንዱ መቀመጫ ላይ «ኤስ ኤም አይ 936» የሚል ተመትቶበታል። ቤተሰቡ «የእናታችን አባት አባት ዐድዋ ዘምተው ከጣሊያን የማረኩት ነው» ይላል። ጠያቂው ይህ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ይሻሉ፤ ለዚህም ጠመንጃውን ወደ አሜሪካ አስመጥተው በዲ ኤን ኤ ለማስመርመር አስበዋል። ወንድማቸው በበኩሉ ብረቱን በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ሳሎን ሊሰቅለው አቅዷል። አንድ ነጋዴም ልግዛው ብሏል።

ጠመንጃው ዐድዋ ላይ ጣሊያኖች ከታጠቁት ዓይነት ነው። ይህ አንዱ ጠመንጃ በዚያ ሜዳ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ግን እስካሁን የለም። መሬት ውስጥ የገባውም በዐድዋ ዘመን አይደለም፤ ከዚያ ቢያንስ አርባ ዓመት ዘግይቶ ነው። ወደ አሜሪካ መውሰዱም፣ መፈተጉም፣ መሸጡም መቅረት አለበት። ምክንያቱን በየተራ አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ አንድ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ይታረም። ጠያቂው 1884ን እንደ እኛ አቆጣጠር አንብበው «ከዐድዋ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ ነው» ብለው ጽፈዋል። የቶሪኖ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የመታው ዓመት ግን የአውሮፓውያን ነው፤ በእኛ 1876 ወይም 1877 ዓ.ም. ይሆናል። ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለዋለ፣ ብረቱ በዚያ ቀን የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ዕድሜ ነበረው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በእንዲህ ያለ ምርመራ ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠሮች ማደባለቅ የቤተሰብን ታሪክ በስምንት ዓመት ያዛባል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚጽፉትን እያንዳንዱን ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብረው ይመዝግቡ።

ጠመንጃው ቬተርሊ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከስዊዘርላንዳዊው ፈልሳፊ ከዮሐን ፍሪድሪኽ ቬተርሊ ሲሆን፣ የጣሊያን ጦር በ1870 እ.ኤ.አ. ተቀብሎት በቶሪኖ፣ በብሬሻ፣ በቴርኒና በቶሬ አኑንዚያታ ሲያሠራው ኖሯል። ሲጀመር በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር። ከ1887 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አራት ጥይት የሚይዝ፣ ቪታሊ የተባለ ካዝና ተገጠመለት፤ በፎቶግራፉ ላይ ከምላጩ ፊት ወደ ታች የወጣው ሣጥን ይኸው ነው። ስለዚህ በ1884 የተሠራው ይህ ብረት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ተሻሽሏል። ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘው እንዲህ የተሻሻለውን ነበር። ጣሊያን በዚያን ጊዜ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰውን አዲሱን የ1891 እ.ኤ.አ. ካርካኖ ጠመንጃ ማደል ጀምራ ነበር፤ ወደ አፍሪካ ለላከቻቸው ወታደሮች ግን አሮጌውን ያስያዘቻቸው በመጋዘን የተከማቸው የ10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት ጥቅም ላይ እንዲውል ብላ ነው። እስከዚህ ድረስ የቤተሰቡ ትረካና የጠመንጃው ዓይነት አይጋጩም።

አለመጋጨት ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ የጣሊያን ጠመንጃ ሁሉ የዐድዋ ምርኮ ነው ማለትም አይቻልም። ዐድዋ ላይ ጣሊያኖች መድፎቻቸውን በሙሉና ወደ 11,000 የሚገመት ጠመንጃ ጥለው እንደሸሹ የታወቀ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በውጫሌ ውል ዘመን፣ ምኒልክና ጣሊያን ወዳጆች ሳሉ ከጣሊያን ብዙ ሺህ ጠመንጃ ወደ ሸዋ ገብቷል። ከዐድዋ በኋላም ቬተርሊ በጣሊያን የቅኝ ግዛት ወታደሮች እጅ ለረጅም ዓመታት ስለቆየ፣ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ እንደገና አገር ውስጥ ሊገባ የሚችልበት መንገድ ነበረ። በጂቡቲ በኩል የአውሮፓን አሮጌ ጠመንጃ እያስገቡ ይሸጡ የነበሩ ነጋዴዎችንም መርሳት አይገባም። አንድ የመንዝ ገበሬ እጅ ቬተርሊ የደረሰው በምርኮ፣ ከጌታው በሽልማት፣ በግዢ፣ በውርስ ወይም በጥሎሽ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በራሱ አይናገርም። በላዩ ላይ ያለው መለያ ቁጥርም የሰውን ስም አይሰጥም።

የዐድዋን ግምት በአንድ ጊዜ ሊያፈርስ የሚችል አንድ ምልክት አለ፤ እስካሁን በፎቶግራፉ አልታየም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሲያጥራት ጣሊያን ብዙ ቬተርሊዎችን ከፍታ፣ በአፈሙዛቸው ውስጥ ጠባብ ቱቦ አስገብታ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩሱ አድርጋለች። ሥራው የተጀመረው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዲህ የተለወጠ ጠመንጃ ደግሞ የመጣው ከዐድዋ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ነውና ከዚያ የተማረከ ሊሆን አይችልም። አፈሙዙ በፊት ለፊት፣ ማስመሪያ ከጎኑ ተደርጎ ይነሣና ፎቶግራፉ ይላክልኝ፤ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ወይስ 6 ተኩል የሚለው ያን ጊዜ ይለያል። በዚህ ሰበብ ግን ማንም ሰው ስንጥርም ሆነ እርሳስ ወደ አፈሙዙ እንዳይከት፤ ውስጡ ጥይት አለመኖሩን ማንም አላረጋገጠም።

አሁን ወደ ቀለሆቹ ልመለስ፤ ለእኔ ከጠመንጃው ይልቅ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ወፍራሞቹ የቬተርሊው የራሱ፣ የ10.35 ሚሊ ሜትር ይመስላሉ። ቀጭኖቹ የካርካኖ ናቸው። «ኤስ ኤም አይ» ሶቺዬታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና የተባለው የጣሊያን ጥይት አምራች ምሕፃር ሲሆን፣ ጣሊያኖች በጥይት ላይ ዓመት ሲመቱ የሺውን አኃዝ ስለሚተዉ 936 ማለት 1936 እ.ኤ.አ. ነው። በአርኪዮሎጂ ሥራ ውስጥ ጉድጓድ የሚመዘነው በውስጡ ባለው ትልቅ ዕድሜ አይደለም፤ ከሁሉም በኋላ በተሠራው ዕቃ ነው። አብረው የተቀበሩ ዕቃዎች ውስጥ አንዲት የ1936 ቀለህ ካለች፣ ቀሪው ሁሉ የመቶ ዓመት ቢሆን እንኳ ጉድጓዱ የተዘጋው ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1928 ዓ.ም. ቀደም ሊል አይችልም። ወገብ ያህል ጥልቀት ስለመሆኑ የተጻፈው ለዘመኑ ምንም አይጨምርም፤ ዕቃ የሚደብቅ ሰው የሚቆፍረው ዶማው እስከፈቀደለት ነውና።

ይህ ጥያቄው የሚመለከተውን ሰው ይቀይራል። ዐድዋ ላይ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ሰው በ1929 ወይም በ1930 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚያን ጊዜ ጉልበት ላይ የነበረው ልጁ፣ ማለትም የጠያቂው እናት አባት ነው። በእርሳቸው ይዞታ ላይ፣ በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ከጣሊያን ወረራ ጥይት ጋር የተገኘ ጠመንጃ ከቅድመ አያቱ ይልቅ ወደ አያቱ ያመለክታል። ብረቱ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ይሆናል፤ ከሆነም የዐድዋው ትረካና የጉድጓዱ ማስረጃ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በወረራው ዘመን ጣሊያን ሕዝቡን መሣሪያ አስረክብ እያለ ሲያስገድድ፣ ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ስለነበር፣ መቅበር የብዙ ቤት ምርጫ ነበረ። ቀጭኖቹ ቀለሆች ከቬተርሊው ጋር ለምን አብረው እንደተገኙ ግን ገና ክፍት ነው፤ ወይ አፈሙዙ የተለወጠ ነው፣ ወይ በቤቱ ሁለተኛ ጠመንጃ፣ ካርካኖ፣ ነበረ።

እዚህ ላይ ሁለት ገደቦች አሉ። የ1936ቱ ቀለህ ጉድጓዱ ከመቼ ወዲህ እንደተዘጋ ይነግረናል እንጂ እስከ መቼ አይነግረንም፤ በደርግ ዘመን መሣሪያ ሲሰበሰብም ብዙ ሰው ቀብሯል። ሁለተኛውን ሳልናገር ብቀር ለጠያቂው ታማኝ አልሆንም፦ ካርካኖና የጣሊያን ጥይት በአርበኛም በባንዳም እጅ ነበር። አንዳንዱ ሰው በአንዱ ዓመት ከአንዱ ወገን፣ በሌላው ዓመት ከሌላው ወገን ቆሟል፤ ከጣሊያን መሣሪያ ተቀብሎ ጫካ የገባም ነበረ። የተቀበረ ጠመንጃ ባለቤቱ አርበኛ ነበር ብሎ የሚመሰክር ሰነድ አይደለም። የትውልድን ታሪክ መፈለግ የጀመረ ሰው፣ የሚያገኘው ከሚመኘው ሊለይ እንደሚችል አስቀድሞ ከራሱ ጋር መስማማት ይኖርበታል።

አቀማመጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ከመንዝ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት በሚባለው ስፍራ በሚገኘው አመፀኛ ዋሻ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የራስ አበበ አረጋይ ተከታይ የነበሩ አርበኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝና በተኩስ ፈጅቷል። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የድርጊቱን ሰነድ ተከትሎ ቦታውን ለይቶ ካሳወቀ በኋላ፣ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ባልደረባቸው ዋሻውን በአርኪዮሎጂ ዘዴ አጥንተውታል። ቀለሆች፣ የሸክላ ስብርባሪዎች፣ የቤት ዕቃ ቅሪቶችና የሰው አጽም በነበሩበት ቦታ ስለተመዘገቡ፣ በዋሻው ውስጥ ቤተሰብ ይኖር እንደነበረና ውጊያ እንደተካሄደ ከዕቃዎቹ አቀማመጥ ለመረዳት ተችሏል። አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶ ቀለሆቹን በከረጢት ሰብስቦ ቢያወጣቸው ኖሮ፣ የቀረው የነሐስ ክምር ብቻ ይሆን ነበር። በእርስዎ ግቢም የቀረው የጉድጓዱ ጠርዝ፣ የአፈሩ ቀለምና ያልተነሣው ቆዳ ካለ ዛሬም ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ቁፋሮው በዚያ ጥግ ይቁም፤ ቤቱ ጥቂት ሳምንት ይታገሥ።

ስለ ዲ ኤን ኤ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፦ ከዚህ ጠመንጃ የቅድመ አያትዎን ዲ ኤን ኤ ማግኘት አይቻልም ብለው ይነሡ። በእርጥብ አፈር ውስጥ ለሰማንያ ዓመት የቆየ ብረት ላይ የሰው ላብ ቅሪት አይጠበቅም፤ የነሐስ ቀለህ ውስጥ ያለው መዳብም ዲ ኤን ኤን ይጎዳል። ቢገኝ እንኳ በመጀመሪያ የሚወጣው ከቆፋሪዎቹና ከወንድምዎ እጅ የቀረው ነው። በአሜሪካ በምራቅ የሚደረገው የዘር ሐረግ ምርመራ ስለ ሥጋ ዘመዶችዎና ስለ ጥንት አመጣጥዎ ይነግርዎታል እንጂ ከአንድ ዕቃ ጋር አያገናኝዎትም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞሶምም ቢሆን፣ ቅድመ አያቱ የእናትዎ አባት አባት ስለሆኑ በእርስዎም ሆነ በወንድምዎ ዘንድ የእርሳቸው አይገኝም፤ የሚገኘው በእናትዎ ወንድሞችና በወንድሞቻቸው ወንዶች ልጆች ዘንድ ነው። ይህ የሚያስፈልገው ደግሞ በስፍራው የሰው አጽም ከተገኘ ብቻ ነው። አጽም ከታየ ማንም እንዳይነካው፤ ወዲያው ለፖሊስና ለአካባቢው የቅርስ ባለሙያ ይነገር፤ የደብሩ ካህናትም ይወቁ።

ትውልድን ከብረት ጋር የሚያገናኘው የሰው ምስክርነት ነው፤ ይህም በእጅዎ ሳለ እያለቀ ያለ ሀብት ነው። በሕይወት ያሉት አጎትዎ ሰማንያ ዓመት እንዳለፋቸው ጽፈዋል። ሲጠይቋቸው «ይህ ከዐድዋ የተማረከው ነው አይደል?» ብለው አይጀምሩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱን በአፋቸው ያኖራል፤ ሽማግሌ ደግሞ እንግዳን ላለማሳፈር «አዎን» ይላል። ጠመንጃውን ከማሳየትዎም በፊት ያስተርኳቸው። አባታቸው ስንት ጠመንጃ ነበራቸው፣ ምን ብለው ይጠሩት ነበር፣ የቱ በስንት ጥይት ይጎርስ ነበር፣ በፉከራቸው ማንን ይጠሩ ነበር፣ በልቅሶአቸው ላይ አልቃሽ ምን አለች? የጠመንጃው ስም ብዙ ይለያል። አጎትዎ «ውጅግራ» ካሉ፣ ቃሉ ከፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ የመጣ ስለሆነ፣ ትረካው የሚናገረው ስለ ሌላ ጠመንጃ ነው። «ስናድር» ካሉም እንዲሁ፤ እርሱ የእንግሊዞቹ ነው። «አራት የሚጎርስ፣ ጥይቱ አውራ ጣት የሚያህል» ካሉ ግን ጉድጓዱን ሳያዩ ቬተርሊውን ገለጹልዎ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ምስክርነት ከየትኛውም ቤተ ሙከራ አያገኙም። በተቻለ መጠን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ይጠየቁ፣ ድምፃቸው ይቀረጽ፣ ቀኑም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ የቀረ የአርበኝነት የምስክር ወረቀት ወይም ሜዳሊያ መኖሩን ይፈልጉ፤ የጥንታዊ ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርንም ይጠይቁ። ሲፈልጉ የአያትዎን የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ይዘው ይሂዱ፤ በመደበኛ ስማቸው ያልተገኙ ሰዎች በእነዚህ ይገኛሉ።

የወንድምዎ ዕቅድ ዛሬውኑ መቆም አለበት። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ እንደ መስተዋት የሚያበራ አፈሙዝ ይዞልኝ መጣ፤ ዓመቱም፣ የፋብሪካው ስምም፣ ቁጥሩም ከዝገቱ ጋር ተፍቆ ሄዶ ነበር፤ ልነግራቸው የቻልኩት «ጠመንጃ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ዝገት ሲወፍር በላዩ የነበረውን ጨርቅና ቆዳ ያትማል፤ በእርስዎ ፎቶግራፍ ላይ ከሰደፉ አጠገብ ያለው የሽመና መስመር የሚመስለው ነገር የመንዝ ባና አሻራ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም ከቆዳው ሥር የተጠቀለለው በአካባቢው ልብስ ነው ማለት ነው። ነጭ ጋዝና ዘይት ይህን ሁሉ ያጠፋሉ፤ እንጨቱም በፀሐይ በድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል። በውኃ አይታጠብ፣ አይቦረሽ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። በንጹሕ አቡጀዲ ተሸፍኖ፣ በጥላ፣ ከምድጃና ከሕፃናት ርቆ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር ይቀመጥ። ሁለቱ ያልተተኮሱ ጥይቶች ከሁሉም በላይ ያሳስቡኛል፤ ባሩድ በዕድሜ ብዛት አይሞትም፣ በቀለሁ መቀመጫ መሐል ያለችው መለኮሻ ደግሞ በምት ልትነሣ ትችላለች። አይጠረቡ፣ አይሞቁ፣ በኪስ አይያዙ፤ ባሉበት ይቆዩና ፖሊስ ያንሣቸው።

ሕጉም ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ለግንባታ ሲቆፍር በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ያስራል፤ ዝገት ስለበላው መሣሪያ አይደለም ብሎ መወሰን የቤተሰቡ ሥልጣን አይደለም። ነጋዴው የሰጠው ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን፣ ከቦታው የተነጠለ ጠመንጃ ከእርስዎ ቤተሰብ ጋር የሚያገናኘው የመጨረሻ ክር ተበጥሷል፤ ገዢው ለሚቀጥለው ገዢ የሚነግረውን ታሪክ እርሱ ራሱ ይፈጥራል። ሻንጣ ውስጥ ከቶ በአውሮፕላን ለማሳለፍ መሞከር ደግሞ የሚያስከትለው ምርመራ አይደለም፤ ክስ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ወንድምዎ በዚህ ሳምንት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ያስታውቅ፤ ጉዳዩም ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲደርስ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከማስረከቡ በፊት ጉድጓዱን ከአራቱም አቅጣጫ፣ ጠመንጃውን ከነጽሕፈቱ፣ የእያንዳንዱን ቀለህ መቀመጫ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጎ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ቀለህ ለየብቻ ይቁጠር። ሲያስረክብ መለያ ቁጥሩ፣ የተገኘበት ይዞታና የአያትዎ ሙሉ ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበል፤ ያለዚህ ደረሰኝ እንዳያስረክብ። ጠመንጃው ነገ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ፣ የአያትዎ ስም አብሮት የሚኖረው በዚያ ወረቀት ነው። እርስዎ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጡ ከሆነ አጎትዎን ለማስተረክ ይቁረጡ፤ መንገዱ ካልተመቸ የእኅትዎ ልጅ ስልኩን ይዞ እርሳቸው ዘንድ ይሂድና፣ አባታቸው በዚያ ጥግ ቆፍረው ያውቁ እንደሆነ ከመጠየቅ ይጀምር።